የደምለው ግራ እጅ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ምነው ድምፃችሁ ሞተ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የዛሬው ወንዝ አለበት። አንቺ በላይነሽ፣ ቆሎውን ለብቻሽ አትቆርጥሚ፤ ወዲህ አሳልፊ።

በድሮ ዘመን እሳት የሚጫጫሩ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንዱ አበጀ ይባላል፣ አንዱ ደምለው። የአበጀ ሚስት የሻረግ በግንቦት ወንድ ልጅ ወለደች። አበጀም ደምለውን፦ «የልጄ ክርስትና አባት አንተ ነህ» አለው። ደምለውም ደስ ብሎት እሺ አለ።

ደስታውስ እውነት ነው። ግን የደምለው ማረሻ ዶልዱሟል፣ የአበጀ ማረሻ ገና አዲስ ነው። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ገባና ሰረቀው። ልቡ ሲወቅሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኃጢአቱ የራሴ ነው። እኔና እግዜር እንተዋወቃለን። ሌላውን ሰው ምን አገባው?» አለ። ኧረ ተው ደምለው።

አበጀ ማረሻውን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ዝናቡ መጣና መሬቱ ጦም አደረ። በዚህ መሀል አርባኛው ቀን ደረሰ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ደምለውም ማረሻውን በጋቢው ሥር በግራ እጁ ሸጉጦ ወጣ። ማዶ ቀጥቃጭ አለ፤ ባለቤቱ እንዳያውቀው መልኩን ሊያስለውጥ ነው። አያችሁልኝ፣ ወደ ክርስትና እየሄደ።

ወንዙ ሞልቶ ይጮሃል። የአገሩ ደንብ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሻገር ነው። አበጀ ዱላውን ይዞ ፊት ገባ። ደምለው በቀኝ እጁ አበጀን ያዘ። የሻረግ ሕፃኑን አዝላ ከኋላ ቆመችና፦ «እጅህን ስጠኝ» አለችው።

የቱን እጅ ይስጣት? ግራው ብረት ይዟል።

ደምለውም፦ «የጋቢዬን ጫፍ ያዢ፣ ጠንካራ ነው» አላት። እሷም አምና ያዘች።

መሀል ሲደርሱ ደራሽ ውሃ ግንድ እያንከባለለ መጣና የሻረግን ከእግሯ ነቀላት። ጋቢውም ከደምለው ትከሻ ተገፎ አብሯት ሄደ። አበጀ ዘወር ቢል ሚስቱና ልጁ ሲወሰዱ አየ። ማረሻውንም በጎረቤቱ እጅ አየ።

ደምለውስ? እጁን መዘርጋት ሲገባው ብረቱን አጥብቆ ያዘ። ከዚያም ደንግጦ ወንዙ ውስጥ ወረወረውና ዘሎ ወደ ጥልቁ ገባ። አበጀም ተከተለ። የሻረግን የሾላ ሥር ጨምድዳ አገኟትና ጎትተው አወጧት። ሕፃኑ ግን ጠቁሯል፣ ድምፅ የለውም። ደምለው ዘቀዘቀው፣ አበጀ ጀርባውን አሸ። ዝም። የሻረግ፦ «ሳይጠመቅ፣ ጌታዬ፣ ሳይጠመቅ» ትላለች። ኋላ ውሃ ከአፉ ወጣና አለቀሰ። ስሙ ይመስገን።

አበጀ የማረሻውን ነገር ለኋላ አሳደረና ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። መምሬ ተሰማ ደምለውን ወደ ምዕራብ አዞሩና፦ «ስለ ሕፃኑ ሆነህ፣ ሰይጣን ሆይ ካድሁህ በል» አሉት።

ደምለው ግራ እጁን ተመለከተ። ደግመው አሉት።

እሱም፦ «መምሬ፣ እኔ ራሴ ገና አልካድሁትም» አለና እግራቸው ላይ ወደቀ። «ማረሻውን የሰረቅሁት እኔ ነኝ። ኃጢአቴ የእኔ ብቻ መስሎኝ፣ ይህን ሕፃን ልገድል ነበር።»

መምሬም፦ «ልጄ፣ በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል። በክርስቶስ አንድ አካል ነን፤ እግር ሲወጋ ዓይን ያለቅሳል» አሉና ወደ አበጀ ዞሩ።

አበጀም፦ «ከዚህ ስወጣ ልገድለው ነበር። ግን ብረቱን ጥሎ ሲዘል አይቻለሁ። በዚያ በዱልዱሙ ማረሻው መጀመሪያ የእኔን ማሳ ይረስ። ልጄንም እሱው ክርስትና ያንሳልኝ፣ በሁለት እጁ ይቀበለው» አለ።

ደምለውም እያለቀሰ ተቀበለው። ከዚያም የአበጀን ማሳ እየታገለ አረሰ። የራሱን ሲያዳርስ ዝናቡ አለቀ። በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ እሸት ሲበላ የደምለው ልጆች የሰው ደጅ ያዩ ነበር። እነሱ ምን አጠፉ? ምንም። እግዜር አባታቸውን ይቅር ብሎታል፣ ረሃቡ ግን እነሱን አገኛቸው። የመጀመሪያውን እሸት ያመጣችላቸው የሻረግ ናት፣ ያንኑ ሕፃን አዝላ።

ተረቴን መልሱ፣ የደረቀ አፌን በዳቦ አብሱ። በላይነሽ፣ በአንድ እጅሽ አትስጪኝ። ያ ሌላው ቆሎዬን እንደያዘ አይቻለሁ። ጣይውና በሁለት እጅሽ ስጪኝ።