ወሬ ነጋሪው ያስቀረው ወሬ

እውነቱን ብናገርና በእኔ እውነት ምክንያት የባሰው ሰው ቢመረጥ ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ያኔ ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት ድፍረት አጣሁ። ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ በኋላም ባነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ መልሱን ፈለግሁ። መጻሕፍቱ ስለ ሳንሱር፣ ስለ ባለሥልጣን ጫና፣ ስለ ባለሀብት ተጽዕኖ በደንብ ይናገራሉ። ማንም ሳይጫነኝ እኔው ራሴ ዝም ማለት ሲያምረኝ ምን እንደማደርግ የነገረኝ ግን አላገኘሁም።

ዘንድሮ ጥያቄው ከደብተር ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የምሠራው በአንዲት አነስተኛ ከተማ በሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። ለምክር ቤት ከሚወዳደሩት ሁለት ዕጩዎች አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩኝ መምህር ልሳነወርቅ ናቸው። የከተማዋን ቤተ መጻሕፍት ደጅ ጠንተው ያስከፈቱ እሳቸው ናቸው። ሌላው ዕጩ በየስብሰባው «ያችን ጋዜጣ አሳያታለሁ» እያለ የሚዝት ነጋዴ ነው። ስለ እሱ የደረስኩበትን ሁሉ ባለፉት ሳምንታት ጽፌ አውጥቻለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ቃለ ጉባኤ እጄ ገባ። መምህሩ የቀበሌ ቤት ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳሉ፣ ተራዋ ሳይደርስ ለእህታቸው ቤት ሰጥተዋል። ፊርማቸውም አለበት። ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወልደየስን ለመጠየቅ ቆረጥኩ። ጋሽ ወልደየስ የጋዜጣችን የቀድሞ ዋና አዘጋጅ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እርማት ያያሉ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የስፖርት ገጹን ሲያርሙ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ወልደየስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ እንጂ! ቆይ፣ አንቺ አፍ የፈታሽበትን ቀን ልመዝግበው» አሉና እስክሪብቷቸውን አነሡ።

ፊቴ ቢቀላም ጥያቄውን ነገርኳቸው። ቃለ ጉባኤውንም አሳየኋቸው። ሁለቴ አነበቡት።

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና የሰጠኝ ሰው። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«አለቃሽስ? ‹መምህሩን አትንኪብን› ይለኛል ብለሽ ፈርተሽ ነው?»

«አይደለም። ‹እንደ ፈቀድሽ አድርጊ› ይለኛል ብዬ ነው የፈራሁት።»

ጋሽ ወልደየስ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው የስፖርት ገጹ ላይ አስቀመጡና እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ ወሬ ነጋሪ ነበረ። የሚኖረው በመስኖ በሚያርስ አገር ነው። ከወንዙ አንድ ቦይ ተጠልፎ ከላይኛው ቀይ አፈር ተነሥቶ በታችኛው ጥቁር አፈር ያልቃል። ውሃው ለሁሉም በአንዴ ስለማይበቃ፣ በየዓመቱ ዝናቡ ቆሞ ቦዩ በተጠረገ ማግስት አንድ የውሃ አባት ይመርጣሉ። ተራ የሚሰጥ እሱ ነው። እሱ «ክፈት» ያለው ማሳ ይጠጣል፤ «ዝጋ» ያለው ይጠብቃል። ስለዚህ በዚያ አገር የውሃ አባት መምረጥ ቀልድ አይደለም።

ሰዉ ተራርቆ ስለሚኖር የሚወዳደሩትን ሁሉ በቅርብ አያውቃቸውም። ወሬ ነጋሪ ያቆሙት ለዚህ ነው። ከቦዩ የሚጠጣ መሬት እንዳይኖረው ከለከሉት፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለ ተራ ሰጪው እንደ ልቡ አይናገርምና። ቀለቡን ከየቤቱ እያዋጡ ይሰጡታል። ወሬውንም ከሰው አፍ ለቅሞ እንዲያመጣ አልፈቀዱለትም፤ ከቦታው መድረስ አለበት። ገበያ ቀን ወሬውን ሊናገር መሐል ገበያ ካለው ድንጋይ ላይ የሚቆመው እግሩን ሳይታጠብ ነው። ሰው አፉን ከመስማቱ በፊት እግሩን ያያል። ቀይ ጭቃ ካለበት ላይ ወጥቷል፤ ጥቁር ካለበት ታች ወርዷል። እግሩ ንጹሕ ከሆነ «ሂድና ረግጠህ ና» ብለው ይመልሱታል።

አንድ ዓመት ሁለት ሰዎች ለውሃ አባትነት ቀረቡ፤ ከላይኛው አገር አንድ ሀብታም፣ ከታችኛው አገር አንድ ገበሬ። ሀብታሙ ወሬ ነጋሪውን አስጠርቶ፣ «ከቦዩ አጠገብ ያለችውን ማሳ ለአንተ አስቤአታለሁ» አለው።

«እርሻ አልችልም፣ ጌታዬ» ብሎ ወሬ ነጋሪው ተነሣ።

«እንግዲያውስ አፍህን ሰብስብ! መንገድህ በእኔ ደጅ ነው» አለው ሀብታሙ።

ወሬ ነጋሪው በማግስቱ ገበያ ወጥቶ መሬቱንም ዛቻውንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሴቱ እልል አለ። ያን ዕለት ቤቱ የገባው እንደ ሙሽራ እየተሸኘ ነው።

ገበሬውን ግን ይወደው ነበር። ገበሬው ጎረቤት ሲታመም ማሳውን አርሞ የሚሰጥ፣ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መሐል የሚገባ ሰው ነው። ወሬ ነጋሪው ወደ ታች ወርዶ ማሳውን ሲዞር፣ የቦዩ ጎን ላይ በሣር የተከደነች ቀዳዳ አገኘ። ሣሩን በእግሩ ገለጥ አደረገው። ከቀዳዳዋ እስከ ገበሬው በርበሬ ድረስ መሬቱ ረጥቧል። ቀኑ ደግሞ የገበሬው ተራ አልነበረም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለው።

ገበሬው አቀረቀረ። «በርበሬዬ ሊደርቅብኝ ሆነ። አንድ ቀን ነው። አሁን እደፍነዋለሁ።»

«ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«እንደ ፈቀድክ በል። ብትናገር ግን ማን እንደሚመረጥ ታውቃለህ።»

ወሬ ነጋሪው ዳገቱን እስኪጨርስ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሄደ። ይህን ብናገር ሰዉ ወደ ሀብታሙ ይዞራል፤ ሀብታሙ ደግሞ በቀዳዳ አይመለስም፣ ወንዙን እንዳለ ነው ወደ ቤቱ የሚወስደው። ዝም የምለው ለእነሱው ብዬ ነው። እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነ። ገበያ ቀን እግሩ በጥቁር ጭቃ እንደተለወሰ ቆመና ስለ ገበሬው ደግነት ተናገረ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ጭቃውም እውነተኛ ጭቃ ነው። ቀዳዳዋን ብቻ አስቀራት። ገበሬው ተመረጠ።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። የካቲት ላይ ውሃው ሲያንስ ግን፣ በቦዩ ጫፍ ላይ ሽንኩርት የተከለች አንዲት ሴት ወሬ ነጋሪው ቤት መጣች።

«ተራዬ ሁለቴ ደርሶ ውሃው እኔ ጋ አልደረሰም። ውረድና እይልኝ» አለችው።

«እወርዳለሁ» አላት። አልወረደም። ቢወርድ ቀዳዳዋን ያገኛታል፤ ካገኛት መናገር አለበት፤ ከተናገረ ደግሞ ገበሬው በሰው ፊት «ቀድሞስ ታውቅ አልነበር?» ይለዋል። ከሀብታሙ መሬት አልቀበልም ያለው ሰው፣ ምንም ሳይሰጠው ለወደደው ሰው ታስሮ ተገኘ። ሴትዮዋ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ «እወርዳለሁ» አላት። ሽንኩርቷ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ልጆቿን የምታበላው ከዚያ ማሳ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ወሬ ነጋሪው ድንጋዩ ላይ ሲቆም ሴትዮዋ ከፊት ቆማለች። እግሩን አየችው።

«እናንተ ሰዎች፣ እግሩን እዩልኝማ!» አለች። «ቀይ ብቻ ነው። ወር ሙሉ ቀይ ብቻ ነው! ምነው፣ የታቹ ጭቃ ያሳክክሃል?»

«መንገዱን ረስቶት ይሆናል፣ እንሸኘው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እናዝለው እንጂ!» አለ ሌላው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ወሬ ነጋሪው አብሮ መሳቅ ይችል ነበር። «ነገ እወርዳለሁ» ብሎ ሌላ ወሬ መጀመርም ይችል ነበር። ሴትዮዋን አያት። ከዚያ፣ «መንገዱን አልረሳሁም» አለ። «የውሃ አባታችሁ ከመመረጡ በፊት ማሳው ላይ ቀዳዳ አይቻለሁ። ያለ ተራው ውሃ ጠልፎ ነበር። ሀብታሙን እንዳትመርጡ ብዬ አስቀረሁባችሁ። አሁንም ያልወረድኩት ያንኑ እንዳላገኝ ፈርቼ ነው።»

ገበያው ተንጫጫ። «ቀለባችንን የበላኸው ለዚህ ነው?» የሚለው በዛ። ሀብታሙ ከአንድ ጥግ፣ «ይኸው! እኔን ስታሙኝ ከረማችሁ» አለ። ሴትዮዋ እጇን አንሥታ ሁሉንም ዝም አሰኘች።

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው ወሬ ነጋሪውን። «ያኔ ብትነግረን ኖሮ እሱን የምንመርጥ መስሎህ ነው?» አለችና በአገጯ ወደ ሀብታሙ ጠቆመች። «እኛስ ዓይን የለንም? ያው ገበሬውን እንመርጥ ነበር። ግን እዚያች ቀዳዳ ላይ ጠባቂ እናቆም ነበር። የእኔም ሽንኩርት አይደርቅም ነበር።»

ወሬ ነጋሪው ከድንጋዩ ወርዶ ቁልቁል መንገድ ጀመረ፤ ገበያተኛውም ተከተለው። ቀዳዳዋ ሰፍታ አገኟት። ገበሬው አልካደም። በድንጋይና በጭቃ ደፈኗት፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሰው መርጠው በየሳምንቱ ቦዩን እንዲዞሩ አደረጉ። ገበሬው የራሱን ሁለት ተራ ለሴትዮዋ ለቀቀ። የውሃ አባትነቱን አልቀሙትም፤ ዓይን ካረፈበት በኋላም ደህና የውሃ አባት ወጣው። ከሽንኩርቱ እኩሌታው ተረፈ።

«ወሬ ነጋሪውስ?» አልኩ።

«እሱንም አላባረሩትም። ግን ከዚያ ወዲህ ወሬውን በጨረሰ ቁጥር ‹ያስቀረኸው አለ?› እያሉ ይጠይቁት ጀመር» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«እንግዲህ አዜብ፣ ወሬ ነጋሪው አንቺ ነሽ። ገበሬው መምህርሽ ነው፤ ቀዳዳዋም ይህች ቃለ ጉባኤ ናት። ነጋዴው ሲዝትብሽ አልፈራሽም፤ ጻፍሽ፤ ሰውም አጨበጨበልሽ። ያ ቀላሉ ነው። አሁን የሚያስፈራራሽ የለም፤ ያሰረሽ ፍቅርሽ ነው። አንቺ እውነት የሚነገረው ማን እንዲመረጥ ለመወሰን ብቻ ይመስልሻል። የተመረጠው ሰው እንዴት እንደሚጠበቅም የሚታወቀው በዚያው እውነት ነው። ይህን ወረቀት ብታስቀሪ መምህርሽ ያሸንፍ ይሆናል። ግን በሚቀጥለው ድልድል ላይ ማን ይጠብቀዋል? አንቺ? አንቺማ አፍሽ ተይዟል።»

«ግን ሴትዮዋ ተሳስታ ቢሆንስ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ማለቱ ራሴን ገረመኝ። «ሰዉ ተናድዶ ነጋዴውን ቢመርጥስ?»

«ሊመርጥ ይችላል። እኔ እርማት አያለሁ እንጂ ትንቢት አልናገርም። አውቀው ከተሳሳቱ ስሕተቱ የራሳቸው ነው፤ በሚቀጥለው ምርጫ ያርሙታል። አንቺ ደብቀሽባቸው ከተሳሳቱ ግን ምኑን ያርማሉ?»

ወረቀቱን መለሱልኝ። ልሄድ ስነሣ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ደግሞ ቀዳዳዋን ወንዝ እንዳታደርጊያት። አንድ ቤት ነው፤ አንድ ቤት ብለሽ ጻፊ። ከነጋዴው ጋር ላስተካክል ብለሽ የፊት ገጽ ላይ በትልልቁ ብትጭኚው፣ ያም መደበቅ ነው፤ የሰውየውን ሌላ ሥራ ሁሉ ትደብቂበታለሽ። ሰውየውንም ሳትጠይቂ አንዲት መስመር እንዳታወጪ።»

እሑድን ቤቴ ዋልኩ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንቅልፍ አጣለሁ፤ ያን ቀን ግን ልብስ አጠብኩ፣ ከሰዓት በኋላም ተኛሁ። ጥያቄው ዓመታት ሙሉ የከበደኝ የምርጫውን ውጤት እኔ የምሸከመው መስሎኝ ነበር። የእኔ ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ማነሱም ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት መምህር ልሳነወርቅ የምረጡኝ ዘመቻ ወደሚያካሂዱበት ቢሮ ሄድኩ። ደጋፊዎቻቸው ፖስተር ሲለጥፉ መሐላቸው ቆመው ነበር። ሲያዩኝ ፈገግ አሉና፣ «ጎበዟ ተማሪዬ! ልታግዢን ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ሰዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ከቦርሳዬ አወጣሁና በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።

«መምህር፣ ስለ እህትዎ ቤት ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ሐሙስ ይወጣል። የሚሰጡኝን መልስ ሳልቆርጥ አብሬ አወጣዋለሁ።»