ሐጂ ጀውሃር ያልቀመሱት አሸዋ

የደጋው መንገድ ወርዶ ወርዶ በረሃው ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ስሟን አልጠራም፤ በዚህ ታሪክ የምትሞተው ልጅ ቤተሰብ ዛሬም እዚያው ይኖራል። በዚያች ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ ግንበኛ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሠርተዋል። በመስጂዱ የመጀመሪያ ሶፍ፣ በፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ፣ ቦታቸው ክፍት ሆኖ የታየው ለሐጅ የሄዱ ጊዜ ብቻ ነው ይባልላቸው ነበር።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። የዚያ አገር አፈር ጨው አለው፤ ንፋሱም ጨው ይዞ ይመጣል። ፀሐዩ ደግሞ ጠዋት የፈሰሰን አርማታ ለዙሁር፣ ለቀትር ሰላት፣ ሳይደርስ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሐጂ ጀውሃር አርማታ የሚያፈሱት የዐስር ሰላት ተሰግዶ ፀሐይዋ ስትበርድ ነበር። ካፈሰሱ በኋላ እርጥብ ጆንያ ያለብሱትና ዐሥር ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡታል። ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። "ሐጂ፣ ለሰው ያልተገኘውን ውሃ ለድንጋይ!" እያለ የሚቀልድባቸው ብዙ ነበር። እሳቸው ግን ማጠጣቱን አይተዉም።

ከሁሉም የሚያስፈራቸው አሸዋ ነው። ከላይኛው ወንዝ የሚመጣው ንጹሕ ነው፤ ግን ሩቅ ነው። ከከተማዋ በታች ካለው ደረቅ ወንዝ የሚዛቀው ቅርብ ነው፤ ግን ጨው አለበት። በዓይን ቢያዩዋቸው አንድ ናቸው። ጨው ያለበት አሸዋ አርማታ ውስጥ ገብቶ ለጊዜው ምንም አያሳይም። ውስጥ ውስጡን ፌሮውን፣ የአርማታውን ብረት፣ ያዝገዋል፤ የዛገው ብረት ያብጥና አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ የሠራው ሰው ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ተመርቆ፣ ተረስቶ ካለፈ በኋላ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ሐጂ ጀውሃር አሸዋ ይቀምሱ ነበር። ጭነቱ እንደ መጣ ከመካከሉ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ይጥላሉ፤ እንትፍ ይሉና ወይ "አውርድ" ወይ "መልስ" ይላሉ። አሸዋ ነጋዴዎች ከዳኛ ይልቅ ያንን ምላስ ይፈሩ ነበር።

አንድ ቀን ከዙሁር በፊት ከመስጂዱ ፊት ለፊት ያለው የዳቦ ጋጋሪው የሙሔ ቤት የበረንዳ ሶሌታ፣ የአርማታ ጣሪያው፣ ወደቀ። ሥሩ ቆማ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ልጁ ሰዓዳ ሞተች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ኒካሕዋ ሊታሰር ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ኢንና ሊላህ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ለሠርጓ የተገዛው ዱቄት ለለቅሶዋ ተጋገረ፤ የጋገረውም አባቷ ነው። ሌላ ሰው ላግዝህ ቢለው እንቢ አለ።

ቤቱን ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የሠሩት ሐጂ ጀውሃር ናቸው። ሰው ግን እሳቸውን አልጠረጠረም። የተጠረጠረው ያኔ ሲሚንቶ ያቦካ የነበረው የቀን ሠራተኛ ሁመድ ነው። ሁመድ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ አምስት ልጆቹን ያሳድጋል። ድሃ ሲነሣ ያየ ሰው ምክንያት ይፈልግለታል፤ "ሱቁን የከፈተው ከሙሔ ቤት በሰረቀው ሲሚንቶ ነው" ተባለ። ማን አለ? እንዲህ ያለ ወሬ ባለቤት የለውም። በአራት ቀን ውስጥ ከሱቁ የሚገዛ ጠፍቶ በሩ ተዘጋ፤ ሰላምታውን የሚመልስለት ጠፋ፤ ልጆቹ በድንጋይ እየተባረሩ ከመድረሳ ተመለሱ። የሙሔ ዘመዶች ጁሙዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ሽማግሌዎች እንዲቀመጡና ሁመድ ከነቤተሰቡ ከከተማዋ እንዲወጣ ጠየቁ።

ሐጂ ጀውሃር ከቀብር መልስ ብቻቸውን ወደ ፍርስራሹ ሄደው ነበር። አንድ ቁራጭ አርማታ አነሡ። ሲሚንቶው አልጎደለም፤ ፌሮው ግን ዝጎ እንደ ቅርፊት በእጃቸው ላይ ረገፈ። ከቁራጩ ፈርፈር አድርገው ምላሳቸው ላይ ጣሉ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላም ጨው ጨው ይል ነበር። እዚያው አመድ በመሰለው አቧራ ላይ ተቀመጡ።

ወሬው በሁመድ ላይ ሲበረታ ጉዳዩን ለልብ ወዳጃቸው ለመስጂዱ ኢማም ለሼህ ሲራጅ ነገሩ። ሼህ ሲራጅ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነት ግን አንዳንዴ የሸይጧንን ሥራ ያቀልለታል።

"ሐጂ፣ የልጅቱ አጀል ደርሶ ነው። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው" አሏቸው። "አንቱ ሆን ብለው አላደረጉት። በሰባ ዓመትዎ ስምዎን ለምን አፈር ያስገቡታል? ለሁመድ እኔ ሽማግሌዎቹን እለምንለታለሁ።"

"ቀደሩ የአላህ ነው" አሉ ሐጂ ጀውሃር። "አሸዋው ግን የኔ ነው።"

ጁሙዓ ደረሰ። የመስጂዱ ግቢ ሞላ። ሁመድ ከዳር ቆሟል፤ ከጎኑ ሊቆም የደፈረ የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ሐጂ፣ የሥራው አዋቂ አንቱ ነዎት። ሲሚንቶው ተሰርቋል ወይስ አልተሰረቀም? አንድ ቃል ይበቃናል" አሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሐጂ ጀውሃር ዝም ቢሉ እንኳ ዝምታቸው ይበቃ ነበር። የሳቸው አርባ ዓመትና የአንድ የቀን ሠራተኛ ስም ሚዛን ላይ ቢቀመጥ በዚያ ግቢ ማን እንደሚያመዝን ሁሉም ያውቃል።

ሐጂ ጀውሃር በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ሁመድ አልሰረቀም። ሲሚንቶው ሙሉ ነው። የበሰበሰው ፌሮው ነው፤ ያበሰበሰውም ጨው ያለበት አሸዋ ነው። አሸዋውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።"

"ነጋዴው አታልሎዎት ነው?"

"ከላይኛው ወንዝ ነው ብሎ ማለልኝ። ግን በመሐላ አሸዋ ተቀብዬ አላውቅም፤ የምቀበለው ቀምሼ ነበር። የዚያን ዕለት አልቀመስኩም። ረመዳን ነበር፤ ጭነቱ የደረሰው ሰው ከዙሁር ሰላት ሲወጣ ነው። ሁላችሁም በዚህ ደጅ ቆማችሁ ነበር።" "ቀምሶ የተፋ ጾሙ እንደማይፈርስ አውቃለሁ። ያስተማሩኝ ሼህ ነግረውኛል። ነገር ግን 'ሐጂ በረመዳን ቀን አፉ ውስጥ ነገር ከተተ' እንዳትሉኝ ፈራሁ። ዐስር ላይ አፈሰስነው።"

ሐጂ ግን አልጨረሱም።

"ካፈጠርኩ በኋላ ሄጄ የተረፈውን ቀመስኩ። ጨው ጨው አለኝ። አፌ ላይ የቀረ የሾርባው ጨው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በማግሥቱ ያንኑ የተረፈውን ለእናት ዙበይዳ ጣሪያ አፈሰስኩት።"

ሙሔ ከተቀመጠበት ተነሣ። ዕድሜውን በሙሉ "አንቱ" ሲላቸው የኖረ ሰው ነው።

"ከፊቴ ሂድ" አላቸው። "ልጄን አሳጥተኸኝ በሄድኩበት ሁሉ ይቅር በለኝ እያልክ እንዳትከተለኝ።"

ሐጂ ጀውሃር አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ወደ ቤታቸው ግን አልሄዱም። ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ እናት ዙበይዳ ነው። እናት ዙበይዳ ባሏ የሞተባት፣ ከሁለት ልጆቿና ከአራት የልጅ ልጆቿ ጋር በሁለት ክፍል የምትኖር ሴት ናት፤ ሰባት ነፍስ። የጣሪያዋ ሶሌታ በዝገት መስመር ተሰነጣጥቆ ነበር፤ እሷ የዝናብ እድፍ ነው ብላ ኖራ ትቀባበት ነበር።

"ውጡ" አሏት ሐጂ። "አሁኑኑ።"

"ወዴት እንውጣ ሐጂ? በዱንያ ላይ ሌላ ቤት የለኝም።"

"የኔ ቤት አለ።"

ሰባቱን በገዛ ቤታቸው አስገብተው እሳቸው በመስጂዱ አጥር ጥግ ካለች የዘበኛ ጎጆ ገቡ። የእናት ዙበይዳን ጣሪያ ማፍረስ የጀመሩት ብቻቸውን ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ሶሌታ ለማፍረስ መዶሻ ሲያነሣ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያዩት ይናገራሉ። ማንም አላገዛቸውም። ከዚያ ወዲህ ቤት ሥራልኝ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሶፍም ግራና ቀኛቸው ሳሳ ይል ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው መዶሻ ይዞ መጣና ከሌላኛው ጫፍ መምታት ጀመረ። ሁመድ ነበር። ሱቁ ዳግም አልተከፈተም፤ ወሬ ያፈረሰውን ቤት እውነት ቶሎ አትመልሰውም። ያም ሆኖ መጣ።

ማፍረሱ፣ ከላይኛው ወንዝ አሸዋ ማስጫኑ፣ አዲስ ፌሮ ማሰሩ ወራት ወሰደ። ሐጂ ለዚሁ ብለው ያላቸውን ሁሉ ሸጡ። አዲሱ ጣሪያ የሚፈስበት ቀን ሲደርስ እንደገና ረመዳን ሆነ። ጭነቱም፣ አላህ ሲፈትን እንዲህ ነው፣ ሰው ከዙሁር ሲወጣ ደረሰ።

ሐጂ ጀውሃር በሕዝቡ ፊት ጎንበስ ብለው ከአሸዋው ዘገኑ፤ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ጣሉ፤ ቆዩ፤ እንትፍ አሉ። ከቆሙት መካከል አንድ ጎልማሳ "ሐጂ፣ ዛሬ አልጾሙም እንዴ?" አላቸው።

ቀና ብለው አዩትና እንዲህ አሉ፦ "ጾሜን የሚያየው አንድ ነው። በዚህ ጣሪያ ሥር የሚተኙት ግን ሰባት ናቸው።"

የሙሔ ቤት ከእናት ዙበይዳ ቤት ጎረቤት ነው። ሙሔ በደጁ ቆሞ ይህን አየ። ወደ ውስጥ ገባና በጣሳ ውሃ ይዞ ወጣ፤ ሽማግሌው አፋቸውን እንዲጉመጠመጡበት አጠገባቸው መሬት ላይ አስቀመጠው። ፊታቸውን አላየም። ሐጂ ጀውሃር ውሃውን አንሥተው ተጉመጠመጡ። ሁለት ዓመት ቆይተው ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሌብነት ሌብነት ይመስላል፤ ውሸትም ውሸት ይመስላል፤ ስለዚህ ቀን ሲያልፍ ተውበት እናደርግበታለን። የዒባዳ፣ የአምልኮ፣ ልብስ የለበሰውን ጥፋት ግን ከመልካም ሥራችን ጋር አብረን እንቆጥረዋለን። ሐጂ ጀውሃር ያችን የረመዳን ቀን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጾሟቸው ቀናት መካከል ሲቆጥሯት ኖረዋል። ለይዩልኝ የተጠበቀች ጾም አንዲት ሙሽራ በላች።

ይህን ታሪክ ባወራሁበት ሁሉ "ሙሔ በመጨረሻ ይቅር አላቸው ወይ?" ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አላውቅም። ጣሳ ውሃ ይቅርታ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ልጄን አልቀበርኩምና ለሙሔ አልፈርድለትም። የማውቀው ይህን ነው፦ የእናት ዙበይዳ ጣሪያ ዛሬም ቆሟል፤ ሰባቱም በሥሩ አሉ። ሰዓዳ ግን የለችም።