የሙጨ ትራክተር የታመመች ሰሞን

እኛ መንደር ውስጥ ሰው ጥፋቱን እግሩ ሥር ትቶ ሩቅ አገር ሲፈልግ ከታየ፣ ወዲያው አንዲት አባባል ትወረወርበታለች። ልጆች እንኳ ያውቋታል። ከየት እንደመጣች ግን የሚናገር የለም፤ በቦታው የነበሩት ሁሉ አፍረው ዝም ብለዋል። እኔ አላፍርም። ከጅሎቹ አንዱ ስለነበርኩ መናገር መብቴ ነው።

ባለታሪኩ ጎረቤቴ ሙጨ ነው። እኛ በመስኖ ሽንኩርት የምናለማ ሰዎች ነን፤ ማሳችን ጠባብ፣ ውሃችንም በተራ ነው። ሙጨ ከሁላችን ቀድሞ አንዲት ትንሽ ትራክተር ገዛ። ትንሽ ስላችሁ፣ ከደለበ ወይፈን ብዙም አትበልጥም፤ ለጓሮና ለጠባብ መሬት የተሠራች ናት። እሱ ግን አውሮፕላን የገዛ ያህል ልቡ አበጠ።

ትልቋን ልጁን ሲድር ደግሞ ባሰበት። ሙሽሮቹ ከትራክተሯ ኋላ በታሰረ ጋሪ ካልሄዱ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ያ አልበቃ ብሎት ከከተማ ወፍራም ቀይ ምንጣፍ አስመጣና እጥፍ አድርጎ፣ ነጂው እግሩን የሚያሳርፍበት ብረት ላይ ዘረጋው። ዳር ዳሩን በሽቦ ጠፈረው። ሠርጉ እሑድ አለፈ፤ ምንጣፉ ግን ቀረ። እንዴት ተደርጎ ይነሳል! ባለምንጣፍ ትራክተር በወረዳው የእሱ ብቻ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱም ጫማውን እያወለቀ ነበር የሚወጣባት፤ ጭቃ የነካ እግር ይዞ የተጠጋትን ሰው እንደ ሌባ ያባርረው ነበር።

በዚያ ሠርግ ሦስት ቀን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅና ወጥ ስትሠራ የከረመችው የዝና የምትባል ጎረቤታችን ናት። ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት ሴት ናት። ለድካሟ ሙጨ ማሳዋን በትራክተር ሊያርስላት ቃል ገብቶላት ነበር። ረቡዕ ጧት አርስልሻለሁ፣ ችግኝሽን ነቅለሽ ጠብቂኝ አላት። እሷም አመነችው። የውሃ ተራዋ ሐሙስ ስለነበር ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ችግኟን ከመደቡ ነቅላ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለች። በዚያ ሐሩር የተነቀለ ችግኝ ከሁለት ሦስት ቀን አያልፍም፤ ሐሙስ ካመለጣት ደግሞ ተራዋ የሚመለሰው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የዓመት ጉርሷ እዚያ ጆንያ ውስጥ ነበር።

ረቡዕ ጧት ሙጨ ጫማውን አወለቀ፣ ሞተር አስነሳ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ፍሪሲዮን ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው የግራ እግር መርገጫ ነው። ረግጦ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ትራክተሯ ጥርሷን አፋጨች። ደግሞ ሞከረ፤ ጮኸች። በግድ ቢያስገባው ጊዜ ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ይዛው ሄደች። አጥሬን ጥሳ ገብታ ጎመኔ ላይ ጸጥ አለች። ለካ በሠርጉም ዕለት እንዲሁ ስትጮህ ነበር፤ እልልታው ዋጠው እንጂ።

እኩለ ቀን ላይ ዳምጠው የሚባል መካኒክ ከከተማ በሞተር ብስክሌት መጣ። ሊወጣባት እግሩን ሲያነሳ ሙጨ ጫማህን አውልቅ አለው። የካልሲው ተረከዝ ተቀዶ ነው መሰለኝ፣ መውጣቱን ተወው። መሬት ላይ እንደቆመ ጆሮውን የማርሾቹ ቤት የሆነው ካምቢዮ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ውስጡ የተሰበረ ማርሽ አለ ብሎ ፈረደ። ፍሪሲዮኑን በእግሩ ይቅርና በጣቱም አልነካው።

የዝና ጆንያዋን ጥላ ሥር አስቀምጣ ቆማ ነበርና፣

«ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው?» ብላ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ድስት አይደለም» አላት ዳምጠው።

ሙጨ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ካምቢዮው ተከፈተ። የሚፈታውን ቡሎን ሁሉ በባርኔጣዬ እየተቀበልኩ እንደ ዲያቆን የቆምኩት እኔ ነኝ። ሲመሽ ማርሾቹ በሙሉ ላስቲክ ላይ ተደርድረው ነበር፤ አንዱም አልተሰበረም። ዳምጠው አገላብጦ አያቸውና ችግሩ እዚህ ከሌለ ሌላ ቦታ ነው አለ። ያን ያህል ዓመት ተምሮ ያገኛት እውቀት ይቺ ናት! ዕቃ አመጣለሁ ብሎ ሄደ። እስካሁን እያመጣ ነው።

ሐሙስ ጧት የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃው አባት፣ አባ ቢምረው፣ ቦይ ሊከፍቱ ዶማቸውን ይዘው መጡ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ላልታረሰ መሬት ውሃ አይለቀቅም፣ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል። ቀጣዩ ማን መሰላችሁ? ራሱ ሙጨ! የእሱ ማሳ ከሠርጉ በፊት ታርሶ፣ ትልሙ ወጥቶ ተዘጋጅቷል። ችግኙ ገና መደብ ላይ ስለሆነ የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ደንብ ደንብ ነው፣ ውሃው ወደኔ ይለፍ አለ። ፊቱ ላይ ቅንጣት እፍረት አልነበረም። የዝና ጆንያውን ገለጥ አድርጋ አየችው። የችግኙ ጫፍ መጠውለግ ጀምሮ ነበር፤ እንባዋ መጣ።

አባ ቢምረው መጀመሪያ የታመመችውን ልያት አሉና ወደ ትራክተሯ ሄዱ። እግራቸውን ሲያነሱ ሙጨ እየተቅለሰለሰ ጫማቸውን እንዲያወልቁ ለመናቸው። ሽማግሌው ደንግጠው አዩት። የዝና ያን ጊዜ እንባዋን ጠረገችና ወደ ሙጨ ዞረች።

«ያንተን ማሳ ስታርስ ጮኸች?»

«የለም፣ አልጮኸችም።»

«ከዚያ ወዲህ ምን ጨመርክባት?»

የሙጨ ዓይን ወደ ምንጣፉ ሄደና እዚያው ቀረ። እሷ ሽቦውን ፈትታ ምንጣፉን ገለጠችው። ልክ ከፍሪሲዮኑ ሥር ምንጣፉ ጎድጉዷል። መርገጫው እስከ ብረቱ ወረደ ሲባል፣ ለካ እጥፉ ምንጣፍ ላይ እያረፈ፣ ሞተሩን በሙሉ ሳያላቅቅ ይቀር ኖሯል። መርገጫውን በእጇ ተጫነችው። ከበፊቱ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ብረቱን ቀጭ አደረገ። በሽታው ይኸው ነበር። እኔ ባርኔጣዬን ከነቡሎኑ ከኋላዬ ደበቅሁ።

አባ ቢምረው ዶማቸውን ተደግፈው ለሙጨ ረጋ ብለው ነገሩት።

«ችግኙን ያስነቀልካት አንተ ነህ። ያንተ ማሳ ታርሷል፤ ዘንድሮ የዝና እሱ ላይ ትትከል፣ ውሃውም የራሷ ተራ ነው። አንተ የእሷን መሬት ያዝ። ትራክተርህ ስትገጠም ታርሰዋለህ።»

ሙጨ ዙሪያውን አየ፤ የሚያግዘው አጣ። ነገሩን ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የችግኙን ጆንያ ተሸክሞ ወደ እሱ ማሳ ወረደ፤ እኔም አጥሬን ረስቼ ስተክል ዋልኩ። የመጀመሪያው ውሃ ትልሙ ውስጥ ሲገባ ሙጨ ምንጣፉን ታቅፎ በባዶ እግሩ ማርሾቹ መሃል ቆሞ ነበር። አባ ቢምረው ከቦዩ ዳር ቀና ብለው እሱንም እኔንም አዩንና «አይ የኛ ሰዎች፤ ምንጣፍ ሳያነሱ፣ ካምቢዮ አፈረሱ» አሉ።