ከራስጌ ወደ ኮሪደር

የለም ወይንዬ፣ «ሽማግሌ ልኬ አልሰሙኝም፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ» አትበይኝ! ታላቅ እህቴ ብትሆኚም ዛሬ አልተውሽም። አባዬና ወንድማችን ምንተስኖት ለምን እንዳልታረቁ ጠየቅሽኝ አይደል? በቃ ቮይሱን ሳትዘጊ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው። ቤቱ ረጅም ነው፤ ከፊት ሳሎን፣ መሀል ላይ ኮሪደርና ወጥ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ የሽማግሌ አባቱ ክፍል። አባትየው እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። ፀሐይ የሚገባው እዚያ ነው ብለው ክፍሉን ራሳቸው ናቸው የመረጡት። የሰውየው እህት ደግሞ ክፍለ ሀገር ናት፤ ወንድ ልጅ ወለደች። በዚያ ቤት ስም የሚያወጡት አያት ናቸው። አያት ግን «ፊቱን ሳላይ ስም አላወጣም» አሉ። ፎቶ ቢያሳዩዋቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ፎቶ ሁሉ አንድ ነው። ሲያዛጋ፣ ሲያለቅስ ልየው።»

ቪዲዮ ይደወላላ! ግን ዋይፋዩ ሳሎን ነው፤ ኋላ ክፍል ድርሽ አይልም። የስልኩ ዳታም በዚያ ወፍራም ግንብ አያልፍም። ሰውየው አባቱን አቅፎ ሳሎን ሊወስዳቸው ቢሞክር፣ «እኔ ሶፋ ነኝ እንዴ ከክፍል ክፍል የምታዞረኝ? ልቀቀኝ!» ብለው ተቆጡ።

ሰውየው እልኸኛ ነው። ሄደ፣ አንቴናው እንደ ጃርት የቆመ ትልቅ ዋይፋይ ገዛ። ሚስቱ ዳንቴል አለበሰችውና ቡፌው ላይ ጉብ አደረገችው። ሳሎን ውስጥ ኢንተርኔቱ በረረ፤ ኋላ ክፍል ያው ዜሮ። ተመልሶ ሄደ። አሁን ደግሞ ኤክስቴንደር የሚሉትን፣ ከትልቁ ተቀብሎ ወደፊት የሚያቀብለውን ትንሽ ዕቃ ይዞ መጣ። ወስዶ የት ሰካው? አባቱ አልጋ ራስጌ! «ኔትወርኩ የጠፋው እዚህ ነው፣ ዕቃውም እዚሁ ይሰካ» አለ። ስልኩን ሲያየው የዋይፋዩ ጭረት ሙሉ ነው። ደስ አለው። እህቱ ጋ ደወለ። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ምንም የለም። ነቀለው፣ ሰካው፣ በጥፊ መታው። ሻጩ ጋ ደውሎ «ሌባ!» አለው። ምስኪን ሻጭ።

የክርስትናው ዋዜማ ደረሰ። እህቱ ደውላ፣ «ልጄ ያለ ስም ሊቀር ነው? አባዬን ለምንልኝ» እያለች አለቀሰችበት። ሰውየው ሳሎን እንደቆመ ወደ ኋላ ጮኸ።

«አባዬ! ክርስትናው ነገ ነው! እባክዎ ስም ይንገሩን!»

«ምን አለ?» አሉ አባትየው ከክፍላቸው።

ሚስቱ እንደ ልማዷ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና ኮሪደሩ መሀል ቆመች። «ክርስትናው ነገ ነው፣ ስም ይንገሩን ይልዎታል!»

«ፊቱን ሳላይ አይሆንም አልኩ እኮ!»

«ፊቱን ሳላይ አይሆንም ይሉሃል!» አለች ወደ ሳሎን ዞራ።

ሰውየው ቱግ አለ። «አንቺ ደግሞ ኮሪደር ላይ ምን ያስጮህሻል? አልጋቸው አጠገብ ሄደሽ ቀስ ብለሽ አታስረጂያቸውም?»

«እዚያ ከሄድኩ አንተን በምን ጆሮዬ ልስማህ? የሰማሁትን አይደል የምነግራቸው?»

 ሰውየው ይሄን ሲሰማ ሮጦ ኋላ ክፍል ገባ፣ ዕቃውን ከራስጌው ነቀለ፣ ሚስቱ በቆመችበት ቦታ፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ ሰካው።

«ብሌንደሬን የት ልሰካ ነው?» አለች።

ሰውየው ስልኩን ይዞ ተመለሰ። አባቱ ጋ ሲገባ ጭረቱ ሁለት ብቻ ነው። ደወለ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አንድ ጭምድድ ያለች ፊት መጣች። አዛጋች። ወዲያው ደግሞ ቤቱን በለቅሶ ቀወጠችው። አባትየው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አፍንጫው የእኔ ነው» አሉ። «ተሰማ በሉት።»

አየሽ ወይንዬ? አንቺም አልጋው ራስጌ ነው የሰካሽው! ሽማግሌ ብለሽ የላክሽው ጋሽ ደምሰው የምንተስኖት ጓደኛ ነው። ከወንድማችን ጋር ጭረቱ ሙሉ ነው፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይስቃሉ። ከአባዬ ግን አንድ ቃል ሰምቶ ያውቃል? አባዬ በምን እንደተቀየመ እንኳ አያውቅም እኮ። ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ያድርስ?

መሀል ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። አባዬ «ከእናቱ ሙት ዓመት ቀረ» ብሎ ያለቀሰው ላንቺ ነው። ምንተስኖት የዚያን ቀን ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር የነገረውም ላንቺ ብቻ ነው። ትናንት ይሄን ስትነግሪኝ እሳት ነው የሆንኩት! ባለፈው እሁድስ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ልጅ ሳሉ ተሻለው?» ብሎ የጠየቀው ማንን ነው? መታረቅ የማይፈልግ ሰው ስለ ሳል ይጠይቃል? አይጠይቅም! እውነቱን ይስማ እንጂ፣ በሩን ራሱ ነው ወጥቶ የሚከፍትለት። እኔ እርግጠኛ ነኝ። ጋሽ ደምሰውን ነቅለሽ አንቺው ቁሚ።

ሁለቱንም የምትሰሚው አንቺ ሆነሽ ሳለ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አፍሽን ዘግተሽ፣ ምንም ያልሰማ ሰው የላክሽባቸው ምን ነክቶሽ ነው?