የጳጉሜ ስድስት ቀጠሮ

ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነችበት በአንድ ወቅት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት ፕሮግራመሮች በአንድ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ አስናቀ፣ ሐመልማልና ውብሸት። ለአንድ ጤና ጣቢያ የቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም ይዘዋል። ነርሶቹ ኮምፒውተር ላይ ቀን የሚሞሉባቸውን ሳጥኖች ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይሠራሉ።

የክትባት ቀጠሮው ሳጥን የአስናቀ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚያሰላውን ኮድ ሦስት ሳምንት ለፍቶ ብቻውን ጻፈው።

ሐመልማል የመድኃኒት ቀጠሮው ደረሳት። ጊዜ ሲያጥራት የአስናቀን ኮድ እንዳለ ገልብጣ አስገባች፤ የኮዱን ስም ብቻ ቀየረች። አለቃቸው አቶ መኳንንት «እንዴት ቶሎ ጨረስሽው፣ ጎበዝ» ሲሏት አንገቷን ደፋች። እሳቸው ትሕትና መሰላቸው።

ትንሽ ቆይቶ አስናቀ ስህተት አገኘ። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት መሆኗን ረስቶ ኖሯል፤ ኮዱ ስድስተኛዋን ቀን መስከረም አንድ ብሎ ይመዘግባታል። የራሱን ሳጥን አስተካከለ። ሐመልማል እንደገለበጠችው ያውቅ ነበር፤ እሱ በስህተት የጻፋት ፊደል እንኳ ሳትቀር እሷ ጋ አይቷታል። «ራሷ መጥታ ትንገረኝ» ብሎ ዝም አለ።

ውብሸት ደግሞ አንድ ዓይነት ኮድ ሁለት ቦታ ተጽፎ ማየት አይወድም። አንድ ቦታ አስቀምጦ ሳጥኖቹ ሁሉ እንዲጋሩት ፈለገ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ወደ ሐመልማል ዞሮ የመድኃኒት ቀጠሮውን ኮድ እያሳየ፣

«ይሄ ያንቺ ሥራ ነው?» አላት።

አስናቀ ፊት ለፊቷ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«የኔ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስናቀን ዓይኑን ማየት አቃታት።

ውብሸት የእሷ አጠር ስላለለት እሱን ወሰደ፤ የአስናቀን አጠፋ። በምን እንደሚለያዩ አልጠየቀም፤ አልሞከረውምም።

ጳጉሜ ስድስት ቀን ወይዘሮ ጥሩዓለም የተባሉ እናት የሚጥል በሽታ ላለባት ልጃቸው መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። ነርሷ ኮምፒውተሩን አይታ «ቀጠሮዎ ነገ ነው» አለቻቸው። ነገ እንቁጣጣሽ ነበር፤ ሲመለሱ መድኃኒት ቤቱ ዝግ ሆነ። የዚያኑ ዕለት፣ መድኃኒቷ ያለቀባትን ልጅ ጣላት፣ እጇም እሳት ላይ አረፈ። ተርፋለች። ሁለት ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

አቶ መኳንንት ይህን ሰምተው መጡና ሦስቱን ሰበሰቡ። «እናትየዋ ይቅርታ የሚጠይቃቸውን ሰው ማየት ይፈልጋሉ። ሦስታችሁም ሂዱ እንዳልል፣ 'ሦስት ሰው ሲመጣ ጥፋተኛው ይጠፋብኛል፤ አንዱን ላኩልኝ' ብለዋል።»

ሐመልማል ፊቷ ጋለ። ያችን «የኔ ነው» ያለችበትን ድምፅ እንደገና የሰማችው መሰላት።

«ኮዱ የኔ አልነበረም» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ገልብጬው ነው። ስጠየቅም ዋሽቻለሁ። እኔ ልሂድ።»

«ስህተቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ አስናቀ። «እርማቱን ይዤም በኩርፊያ ዝም አልኩ።»

ውብሸትም ተናገረ። «ትክክለኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።»

አቶ መኳንንት ሦስቱንም በየተራ አዩ። ሐመልማል አሁንም ቀና አላለችም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ወይዘሮ ጥሩዓለም ፊት ቆሞ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት የሚገባው ማን ነው?