የተጠማው የፍሬን ዘይት

«ተረት መጣች!» ስላችሁ «ትግባ፣ ቦታ አላት!» በሉኝ።

ተረት መጣች!

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እንስሳም ከብረት ጋር በሚማከርበት ዘመን፣ ዳማ የሚባል አንድ የውሃ ቦቴ ነበረ። ዳማ ያሉት ቀለሙ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ስለነበረ ነው። ሾፌሩ ይርዳው ይባላል። ይርዳው ማለዳ ማለዳ ለጎረቤት ሳይሆን ለመኪናው ነበር «እንደምን አደርክ» የሚለው፤ ሰዉም በዚህ ያማው ነበር።

የዳማ ሥራ አንድ ነው። ከደጋው ምንጭ ውሃ ይሞላል፤ ገደል ለገደል የሚሄደውን ቁልቁለት ይወርዳል፤ ቆላ ላለችው ለእሬት ሜዳ ያደርሳል። በዚያ ዓመት የእሬት ሜዳ ጉድጓድ ደርቆ ነበር። ከብቱ ምላሱን አውጥቶ ቆሟል፤ ሰዉ መንገድ መንገዱን ያያል።

በዳማ ሰውነት ውስጥ አራት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር።

ታላቁ የሞተር ዘይት ነው። በፋብሪካ ተቀምሞ የመጣ፣ ወርቅ የመሰለ። «ብርድ አያወፍረኝ፣ ሙቀት አያቀጥነኝ! ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሀል የምገባ እኔ!» ይላል። ተከታዩ አረንጓዴው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። «የሞተሩን ትኩሳት ተሸክሜ የማወጣ እኔ! ዝገት የማላስደርስ እኔ!» ይላል። ሦስተኛው ግሪስ ነው፤ ወፍራም፣ ዝምተኛ። በየጎማው መሽከርከሪያ፣ በኩሽኔታው ውስጥ ተለጥፎ «እኔ አልፈስም፤ የተቀባሁበት እቀመጣለሁ» ይላል። ከዚህ ሌላ ንግግር የለውም።

የመጨረሻው የፍሬን ዘይት ነው። እሱ ትንሽ ነው። ከኮፈኑ ሥር፣ ጣሳ በምታህል ዕቃ ውስጥ፣ ክዳን ተገጥሞበት ይኖራል። ይርዳው ፍሬን ሲረግጥ የእግሩን ኃይል ተሸክሞ በቀጭን ቱቦ ወደ ጎማዎቹ ይወርዳል። «ቁሙ!» ይላቸዋል፤ ይቆማሉ።

ግን አንድ መከራ ነበረበት። ሌላው ዘይት ሁሉ ውሃ ይጠላል፤ እሱ ግን ውሃ ይወዳል። ተፈጥሮው ጥም ነው፤ ክዳኑ ከላላ ከአየር ላይ እንኳ እርጥበት ይስባል። ውሃ ከጠጣ ደግሞ ለሥራ አይሆንም። ፍሬን ሲግል የጠጣው ውሃ ይፈላበታል፣ ይተናል። እንፋሎት ደግሞ የእግር ኃይል አያስተላልፍም፤ ሲረግጡት ይሸሻል እንጂ አይገፋም።

እንግዲህ አስቡት! ዕድሜ ልኩን የተጠማ፣ ዕድሜ ልኩን ውሃ በጫነ መኪና ላይ ሲኖር! ውሃው ከኋላው ቿ! ቿ! ሲል ይሰማዋል።

«አልጠጣም» ይላል ለራሱ። «እኔ ከጠጣሁ እሬት ሜዳ አይጠጣም። አልጠጣም።»

ከዕለታት አንድ ቀን ይርዳው እንደ ልማዱ ኮፈኑን ከፍቶ አራቱንም አየ። የሞተር ዘይቱን ለካ፣ የራዲያተሩን ፈሳሽ ተመለከተ፣ ኩሽኔታውን ዳሰሰ፣ የፍሬን ዘይቱን ክዳን አጠበቀ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ ውሃ ሊያስሞላ ወደ ምንጩ ወረደ። በዚያ ቀን የእሬት ሜዳ ሰዎች እትዬ ማንአህሎሽን ልከዋት ነበር። «ውሃውን ሳትይዢ እንዳትመጪ» ብለዋታል። ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ይህን ሁሉ እመት ጦጢት ከሾላ ዛፍ ላይ ሆና ታይ ነበር። እሷም ተጠምታለች። ምንጩን ሰው አጥሮታል፤ ወንዙ አሸዋ ሆኗል፤ ወገኖቿ ቁልቁለቱ ላይ ጥላ ሥር ተኝተው ያቃስታሉ። «ይህ ቦቴ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ካለው» ብላ አሰበች፣ «ሾፌሩ ጭነቱን ለማቅለል ውሃውን ይለቀዋል። ያኔ እኛ እንጠጣለን።»

ከዛፉ ወረደች። በመኪናው ሆድ ሥር ገብታ ወደ ሞተሩ ወጣች።

«ወንድሜ የፍሬን ዘይት» አለች፣ «እንደምን ከርመሃል?»

«እግዜር ይመስገን፣ እመት ጦጢት።»

«ከንፈርህ ደርቋል እኮ! በየቀኑ ይህ ሁሉ ውሃ ከኋላህ እየተጫነ አንተ ትጠማለህ? ክዳንህን ልክፈትልህ፤ አንድ ጉንጭ ብቻ ጠጣ።»

የፍሬን ዘይት ምራቁን ዋጠ። «ጥሜን ለአንቺ አልደብቅም፤ ተጠምቻለሁ። ግን አልጠጣም» አላት።

ጦጢት ሄደች። ዳማ ሞልቶ ጉዞ ጀመረ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ይርዳው እንደ ደንቡ ጎማ ሊያይ ወረደ። ጦጢት በአቋራጭ ሮጣ ቀድማው ኖሮ፣ እንደገና ሞተሩ መሀል ገባች። አሁን የሄደችው ወደ ታላቁ ወንድም ነው።

«አያ ሞተር ዘይት» አለች፣ «አንተ ታላቅ ነህ፤ አንተ ብዙ ነህ። ያ ምስኪን ታናሽህ ጥቂት ነው፤ ቢጎድል ማን ይሞላዋል? ሁለታችሁም ዘይት አይደላችሁ? ከአንተ ትንሽ ልቅዳና ልጨምርለት።»

የሞተር ዘይት ልቡ ደግ ነው። «ለወንድሜማ ምን እሰስታለሁ!» አለ።

የፍሬን ዘይት ከዕቃው ውስጥ ጮኸ። «ተው ጋሼ! ተው! የኔ ቤት ማሸጊያዎቹ ጎሚኒ የሚባሉ ትንንሽ ላስቲኮች ናቸው። አንተ ስትነካቸው እንደ ራሰ ባቄላ ያብጣሉ። ወደኔ ከመጣህ ሁለታችንም እንጠፋለን። ባለህበት ሁን!»

«ያለ ቦታው የመጣ ደግነት ይገድላል ማለትህ ነው?»

«እንደሱ ነው ጋሼ። ባለህበት ሁንልኝ።»

የሞተር ዘይት ባለበት ቀረ። ጦጢት ጥርሷን ነከሰች። አሁን መለማመጥ ተወች። ከቦቴው ቧንቧ ጫፍ የሚንጠባጠበውን በቅጠል ተቀብላ መጣች፤ ክዳኑን በጥፍሯ ፈታች፤ «በፈቃድህ እምቢ ካልክ ያለ ፈቃድህ ትጠጣለህ!» ብላ አፈሰሰችበት። ክዳኑን መልሳ ገጥማ ተፈተለከች።

የፍሬን ዘይት «አልጠጣም!» አለ። ግን ተፈጥሮ ነውና ጠጣ። ወይ ጣዕሙ! ወይ ቅዝቃዜው! ስንት ዘመን የተቃጠለው ጉሮሮ ለአንድ አፍታ ረካ። ወዲያው ግን ውሃው የሚያመጣው መዘዝ ታወሰው። «ይርዳው! ይርዳው! እንዳትነሳ!» እያለ ጮኸ። ሞተሩ ተነስቶ ነበርና ጩኸቱ በጩኸት ተዋጠ። ዳማ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ይርዳው ይረግጣል፤ የፍሬን ዘይት ይገፋል፤ ጎማው ይይዛል። ግን ጭነቱ ከባድ፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ፍሬኑ ጋለ። የተጠጣው ውሃ በቱቦው ውስጥ ቡልቅ! ቡልቅ! ማለት ጀመረ። ይርዳው ሲረግጥ እግሩ ወለል ድረስ ሰመጠ።

«ፍሬን በጠሰ!» አለ ይርዳው። «እትዬ ማንአህሎሽ፣ ፍጥነቱ ሳይብስ ዝለይ!»

«ውሃውን ጥዬ?» አለች እትዬ ማንአህሎሽ፣ እጀታውን ጨብጣ። «ምን ይዤ ልግባ? አልወርድም!»

«እንግዲያስ ውሃውን ልልቀቀው፤ ሸክሙ ይቅለለን!» ብሎ ይርዳው እጁን ከመሪው ሥር ወዳለው የውሃ መልቀቂያ ሰደደ።

በዚህ ጊዜ የፍሬን ዘይት ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። «አትልቀቀው! ይርዳው ስማኝ! ውሃ ገብቶብኛል፤ እየፈላሁ ነው። እግርህን አንሳልኝና ልብረድ። እስከዚያው ወንድሞቼ ይይዙሃል!»

«ቃልህን ልመን?»

«እመነኝ!»

ይርዳው አመነው። እጁን ከመልቀቂያው መለሰ። እግሩን ከፍሬን ላይ አነሳ። በቁልቁለት ላይ ከፍሬን ላይ እግር ማንሳት፣ ያየ ያውቀዋል!

«ጋሼ ሞተር ዘይት!» አለ የፍሬን ዘይት። «ወደኔ አትምጣ፤ ባለህበት ያዝልኝ!»

ሞተሩ ራሱ ጎማውን እንዲገታለት ይርዳው ማርሹን ወደ ከባዱ መለሰው። ሞተሩ እ-እ-እ-እ! ብሎ አጓራ። የሞተር ዘይት በብረትና በብረት መሀል ተዘረጋ። «አልቀጥንም! አልቀጥንም!» እያለ ያዘ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ታለፈ።

ሞተሩ ጋለ። «ወንድሜ አረንጓዴው! ባለህበት ያዝልኝ!» አለ የፍሬን ዘይት። የራዲያተር ፈሳሽ ትኩሳቱን እየተሸከመ ወጣ፣ እየተሸከመ ወጣ። «አልፈላም! አልፈላም!» አለ። ሁለተኛው መታጠፊያ ታለፈ።

ጎማው ተንቀጠቀጠ፤ ኩሽኔታው አቃሰተ። «ግሪሴ! አንተም ያዝልኝ!»

ግሪስ በዕድሜው አዲስ ንግግር አላወጣም። «የተቀባሁበት እቀመጣለሁ» አለ። ተቀመጠም። ሦስተኛው መታጠፊያ ታለፈ።

አራተኛው መታጠፊያ ግን ጠባብ ነው፤ ወዲያ ማዶው ባዶ ነው። ማርሽ ብቻውን አያቆመውም። የፍሬን ዘይት ራሱን ዳሰሰ። ነፋሱ ቱቦውን አቀዝቅዞታል። እንፋሎቱ ተመልሶ ጠብታ ሆኗል። እንደገና እስኪግል ድረስ ጥቂት ጊዜ አለው።

«ይርዳው» አለ፣ «አሁን! አንዴ ብቻ፣ ሳትሳሳ ርገጠኝ!»

ይርዳው ረገጠ። እትዬ ማንአህሎሽ ዓይኗን ጨፈነች። የፍሬን ዘይት ያን ሁሉ የእግር ኃይል፣ ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ውሃ ተቀብሎ ገፋ። ሲጥጥጥ! ዳማ ተንሸራተተ፣ አቧራ ሆነ፣ ቆመ። የፊት ጎማው ከገደሉ አፍ ላይ ጠጠር ጣለ፤ ጠጠሩ ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

አቧራው ሲገለጥ ጦጢትና ወገኖቿ ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። የሚፈስ ውሃ ሲጠብቁ ነበር። ይርዳው ነገሩ ገባው፤ ድንጋይ አነሳ።

«ጣለው» አለው የፍሬን ዘይት፤ ድምፁ ደክሟል። «እመት ጦጢት፣ ለምን አልጠየቅሽም?»

«ጦጣን ማን ይሰማል?» አለች፤ ከዓይኗ እንባ እንኳ አልወጣም፣ ደርቃለች። «ስንለምን በድንጋይ ነው የሚመልሱን።»

ይርዳው በእጁ የያዘውን ድንጋይ አየ። ጣለው።

«ያደረግሽው ሰው የሚፈጅ ነው» አለ የፍሬን ዘይት። «ጥምን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ይርዳው፣ ስጣት።»

እትዬ ማንአህሎሽ ከጋቢና ወረደች። «ከእሬት ሜዳ ድርሻ ይሁን» አለች። ይርዳው ከመንገዱ ዳር ወዳለው የዓለት ጎድጓዳ ከቦቴው ውሃ ቀዳላቸው። ጦጢት መጀመሪያ ሕፃናቱን አስጠጣች፤ ቀና ብላ ማየት ግን አቃታት።

ይርዳው ሊነሳ ሲል የፍሬን ዘይት አስቆመው።

«ገና ቁልቁለት አለ። እኔን አፍስሰህ ያንን ከመቀመጫህ ሥር በታሸገ ቆርቆሮ ያለውን አዲሱን ሙላ።»

«አዳንከን እኮ! እንዴት ብዬ አፈስስሃለሁ?»

«ውሃ ጠጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ አልታመንም። ከወደድከኝ አፍስሰኝ።»

ይርዳው ፍሬኑ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ እትዬ ማንአህሎሽ ፍሬኑን እየረገጠች፣ እሱ ከጎማው ሥር ተኝቶ፣ አሮጌውን ከየቱቦው አወጣው። መሬት ላይ ግን አልደፋውም፤ ከብት ይመርዛልና። በጠርሙስ አጠራቅሞ አፉን ወትፎ ጋቢናው መስታወት ሥር አቆመው። አዲሱን ከፈተ፣ ሞላ፣ ክዳኑን አጠበቀ።

«ወንድም» አለ አዲሱ ከዕቃው ውስጥ፣ «ይህ ሥራ ምን ይመስላል?»

«ጥም ነው» አለው አሮጌው ከጠርሙሱ። «ቻለው። ውሃ ከገባብህ ግን አትደብቅ፤ ቶሎ ተናገር።»

ዳማ ቀስ እያለ ወረደ። ፀሐይ ሳትገባ እሬት ሜዳ ደረሰ። ሰዉ እንስራውን፣ ጀሪካኑን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ላሟም ጠጣች፣ ግመሏም ጠጣች፣ ሽማግሌውም ጠጣ፣ አራሷም ጠጣች። አሮጌው የፍሬን ዘይት ከመስታወቱ ሥር ሆኖ የእያንዳንዱን ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ሁሉም እስኪረኩ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

እነሆ ተረቴ አለቀች። እናንተ ለልጅ አቀብሏት፤ ለእኔ ለደረቀ አፌ ደግሞ አንድ ኩባያ ውሃ አቀብሉኝ። ነገሩስ እንዲህ ነው፦ ቦታውን የጠበቀ ጠብታ፣ ቁልቁለት የያዘውን ተራራ ያቆማል።