ዐሥረኛዋ ጥይት

በእኛ አገር ጥድፊያ ላበዛ ሰው የሚተረትበት ተረት አለ። ዝም ብሎ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ፤ ሰርግ ሊያፈርስ የነበረ ጉድ ነው የወለደው።

ይርሳው የግራዝማች መኩሪያን ልጅ ትደነቅን ሊያገባ ሚዜዎቹን አስከትሎ የሄደው በቅበላ እሑድ ነበር። በግራዝማች ደጅ ደግሞ ወግ አለ፤ ዋርካው ላይ ቅል ይንጠለጠላል፣ የሙሽራው ወገን በግራዝማች ምንሽር ዐሥር ጥይት ይተኩሳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅሉ ከተሰበረ በእልልታ ይገባል። ካልተሰበረ ሙሽራዋ ካባቷ ቤት ትቀራለች፤ በማግስቱ ሁዳዴ ስለሚገባ እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም።

ሁለት ወር! ይርሳው እንኳን ሁለት ወር ሁለት ቀንም የሚችል አልመሰለውም።

አንደኛ ሚዜው ስንሻው ጠመንጃውን ተቀበለ። በተኩስ አይታማም፤ ግን የጮማው ሽታ ከዳሱ እየመጣ ልቡን ሰርቆታል። ድው! ጥይቷ በቅሉ ጎን ሽው ብላ አለፈች። ድው! ድው! ቀለሁን እያስፈነጠረ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል።

«ኧረ ቀስ በል፣ ብረቱ ይረፍ!» አለው ይርሳው።

«ጮማውስ? እሱም ይረፍ?»

ሳቅ ሆነ። በሰባተኛው ጥይት ብረቱ ግሎ እጅ አያስነካም፤ ከላዩ የሚነሣው ወላፈን ቅሉን በስንሻው ዓይን ፊት እስክስታ ያስመታው ጀመር። ዘጠነኛዋ የዋርካውን ቅጠል አራግፋ ቀረች።

«ቅሉ አልቆም አለኝ እኮ!» አለ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

ፀሐይ ተራራው ጫፍ ደርሳለች። ይርሳው ጠመንጃውን ተቀበለና ነጠላውን ከእንስራው ውሃ ነክሮ ብረቱ ላይ ጠቀለለው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ!

«አብደሃል እንዴ? ፀሐይዋ ልትገባ ነው!» ስንሻው ጮኸ።

«ትግባ፤ እኔም ልገባ ነው።»

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ፀሐይዋን እየሰረቀ ያያል። የግራዝማች እኅት እማሆይ ጥሩነሽ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። ነጠላውን ፈታ፣ ብረቱን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ገና ነው። መልሶ ጠቀለለ። ሰው ሁሉ ተቁነጠነጠ። ብረቱ ሲቀዘቅዝለት የፀሐይዋ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል፤ ተነሣ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ቃታውን ሳበ።

ቅሉ ብትንትኑ ወጣ! እልልታው አገሩን አናወጠው፤ ግራዝማች ራሳቸው እንደ ጎረምሳ ዘለሉ፣ ስንሻውም ሙሽራውን ትከሻው ላይ አውጥቶ ወደ ዳሱ ሮጠ።

እማሆይ ከኋላው መቋሚያቸውን ቀስረው፣ «አንተ ሆዳም፣ ሰማህ? ብረቱን ያበረደ፣ ሙሽሪትን ወሰደ!» አሉት።